ለስቡ ማን ይንገረው?

ጥቅምት 6

ለተከበርሽው የእህቴ ልጅ፣ ለስብ ሐኪሟ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኔ ከወገቤና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ያለሽበትን ብርድ ያለዝብልሽ፤ ለአለቃሽም ደግ ልብ ይስጠው። ጆሮዬ ከስፌት መኪናዬ ጋር አብሮ ስላረጀ ስልኩን ተይው። አንቺ ስትጮሂ እኔ ስጮህ ደንበኞቼ የተጣላን እየመሰላቸው ሊያስታርቁን ይመጣሉ። እንደ ድሮው በወረቀት እንጨዋወት።

ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ «ባሕር ማዶ የሴቶች ስብ ትመረምራለች» እላለሁ። ሱቄ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ቁልፍ ሰፊዋ ይህን በሰማች ቁጥር «ለስብ ብላ ነው ያን ያህል አገር የሄደችው? እኔን አትጠይቀኝም ነበር?» እያለች ወገቧን ትይዛለች። እውነቷን ነው፣ ለቤተ ሙከራሽ የዓመት ቀለብ ይዛለች። ይህን እንዳልጻፍኩብሽ ቁጠሪው፤ መርፌ ከእጇ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ታናሽሽ ሚጢጢ ተሾመች! ምክትል ርዕሰ መምህርት አደረጓት። እናታችሁ ነፍሷን ይማረውና ይህን ብታይ ደስታዋን አትችለውም ነበር። ሚጢጢ ሹመቷን የምትቀበልበትን ቀሚስ ልታሰፋ መጣችና ለካኋት። የቤተሰባችን ሴቶች ልክ ሁሉ በጋዜጣ ተቆርጦ ግድግዳዬ ላይ እንደተሰቀለ ታውቂያለሽ። ስቆርጥ አነባለሁ፣ ሳነብ እቆርጣለሁ፤ ለዚህ ነው የሁሉንም ነገር ግማሽ የማውቀው። የሚጢጢ ወረቀት ስለ ዓሣ እርባታ ነው፤ ዓሣዎቹ መጨረሻቸው ምን እንደሆነ በብብቷ በኩል ቆርጬዋለሁ። ወረቀቱን ከሜትሬ ጋር ሳስተያየው ወገቧም፣ ዳሌዋም፣ ደረቷም ከወረቀቱ አልፏል።

አመሌን መቼም ታውቂያለሽ። ከቤተሰቡ አንዷ ስታረግዝ ከባሏ ቀጥሎ የሚያውቀው የእኔ ሜትር ነው። እናትሽ አንቺን ያረገዘች ጊዜ ከቀሚሷ ቁርጥራጭ ጨርቅ መዳፍ የማትሞላ ሸሚዝ ሰፍቼ ኪሷ ውስጥ ከተትኩላት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚወለድ ልጅ ወሬው የሚወጣው ከእኔ ቁርጥራጭ ነው። ለሚጢጢም እንደዚያው አደረግኩ።

ቀሚሱን የከፈተችው አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነበር አሉ። ትንሿ ሸሚዝ ዱብ ስትል መምህራኑ በሙሉ አጨበጨቡ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በሱቄ በር አላለፈችም። በማግሥቱ ሾፌሩ ባሏ ቀሚሱን ጠቅልሎ መለሰልኝ። «ምነው፣ ጠበባት እንዴ?» ብለው «አይ፣ ልኳ ነው» ብሎ ወጣ። ይኸው ነው። መኪናውን እንኳ ሳያጠፋ ነው የመጣው።

መቼም ምስጢሯን ቀድሜ ስላወጣሁባት ነው የተቀየመችኝ። እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ፤ ለመቼ ነው? ደግሞ ባለሙያ ነሽና አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ሜትር ይዋሻል እንዴ? ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ለሕፃን ልብስ የሚሆኑ ጥቃቅን ቁልፎች ካጋጠሙሽ ግን እምቢ አልልም።

ልብስ ሰፊው አጎትሽ

ኅዳር 2

ውድ ጋሼ፤

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በሳቅ ገደልከኝ። ወገብህን የሚያሽልህ አምላክ ጆሮህንም ይመልስልህ። በመዘግየቴ ይቅር በለኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ሥራዬ ስለጠየቅከኝ ላስረዳህ። ፈቃደኛ የሆኑ ሴቶች ከሆዳቸው ቆዳ ሥር ሽምብራ የምታህል ስብ በመርፌ ይሰጡናል። ስብ ዝም ብሎ የተጋደመ ነገር ይመስላል እንጂ ሥራ ፈት አይደለም። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ጂን የምንላቸው ብዙ መመሪያዎች አሉ። ሱቅህ ውስጥ እንዳሉት መኪኖች አስባቸው፤ ሁሉም አሉ፣ ግን ሁሉም አንድ ላይ አይሽከረከሩም። ዘምዛሚው ሲሠራ ቁልፍ መትከያው ቆሞ ይሆናል። እኛ የምንሰማው የትኛው መኪና እየጮኸ፣ የትኛው ዝም እንዳለ ነው።

ሴት ስታረግዝ የሱቁ ሥራ ይቀየራል። ስቡ መጀመሪያ ላይ ማከማቸት ይጀምራል። ኋላ፣ ልጁ ሲገፋ፣ ያከማቸውን ይለቃል። ለዚህም ሲባል አንዳንዶቹ ጂኖች ይነሳሉ፣ ሌሎቹ ይተኛሉ። የእኛ ጥያቄ ልጁ ከተወለደ በኋላ ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል ወይ የሚል ነው። የወለዱትን በአንድ ወገን፣ አርግዘው የማያውቁትን በሌላ ወገን አድርገን እናስተያያለን። ገና አልጨረስንም፤ ስለዚህ መልሱን አውቃለሁ ብዬ አልዋሽህም። አንዳንዱ የሚመለስ፣ አንዳንዱም እንዳለ የሚቀር ይመስላል። በተለይ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙት ያስገርማሉ፤ ግን እሱን ለመናገር ተጨማሪ ናሙና ያስፈልገናል። ናሙናውን የምናቆየው በጣም በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በሩን ስትከፍተው ጭሱ ፊትህን ይሸፍነዋል፤ ብታየው የምትወደው ነገር ነው።

ሜትር ይዋሻል ወይ ላልከኝ፣ ሜትር አይዋሽም። ግን ስፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ሚጢጢ ደህና ናት። አዲስ ሹመት ስለሆነ ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ለጊዜው ባትቀልድባት ጥሩ ነው።

ቁልፍ ሰፊዋን ሳምልኝ፤ ስለ ቀለቡ የጻፍከውን አልነግርብህም።

የእህትህ ልጅ

ኅዳር 20

ለስብ ሐኪሟ፣ ከነጭሷ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ማቀዝቀዣሽም መብራት አይጣ። ደብዳቤሽን ለሱቁ ሰው ሁሉ አነበብኩት። ስለ መኪኖቹ ያልሽውን ሰምታ ቁልፍ ሰፊዋ «እኔ ዝም ካሉት ነኝ ወይስ ከሚጮኹት?» አለች። ዝም ብላ ስለማታውቅ መልስ አልሰጠኋትም።

ግን ልጄ፣ አጎትሽን ሞኝ አታድርጊው። ስለ ስብ ገጹን ሞልተሽ ስለ እህትሽ የጻፍሽው ከቀሚስ ጠርዝ የሳሳ ነው። ልጅ ሳለሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ ትዝ ይልሻል? ወደ ሱቄ ትመጪና ሳልጠይቅሽ ስለ ደመና ታወሪልኛለሽ። ዛሬስ ምን ሰበርሽ?

ነገሩን ካሰብኩበት በኋላ ግን ገባኝ። እህትሽ ማርገዟን ነግራሻለች፤ «ለጋሼ እንዳትነግሪ» ብላሻለች። አንቺም ቃልሽን ጠብቀሽ በስብ በኩል ሹክ አልሽኝ። «መጀመሪያ ላይ ማከማቸት ይጀምራል» ያልሽው ለማን ነው ታዲያ? ሜትሬ እውነቱን ተናግሮ የሳይንስ ሰው መሰከረችለት! ይህን ቦታ ለቁልፍ ሰፊዋ ደግሜ አነበብኩላት። እሷም እጇን አጨብጭባ «እንግዲያው እናስታርቃችሁ» አለች።

ይኸውልሽ የመከርነው። ታኅሣሥ 12 ቅዳሜ ነው። ሚጢጢን «ቀሚሱን እንደ አዲስ ላስተካክልልሽ» ብዬ እጠራታለሁ። ሱቁ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ እንወጥራለን። የሰፈሩ ሴቶች፣ ከትምህርት ቤቷም ያሉ ጓደኞቿ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ የሕፃን ልብስ ይሰፋሉ፤ መስፋት ለማይችሉት እኔ ሰፍቼ «እሷ ነች የሰፋችው» ብዬ እመሰክራለሁ። ስትገባ ሁሉም ተሰቅሎ ታየዋለች። እንኳን በእኔ፣ በጠላቷም ብትቀየም ያን አይታ ትስቃለች። ለሾፌሩ አልነገርነውም፤ የዚያ ሰው ፊት ምስጢር መያዝ አይችልም።

የሚያሳስብሽ ነገር ካለ ጻፊልኝ። ለአንቺ ብዬ እተወዋለሁ። ካልጻፍሽልኝ ግን ገመዱን ወጠርኩት በይ።

ሸረኛው አጎትሽ

ኅዳር 30

ውድ ጋሼ፤

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቸኩያለሁ።

ስለ ቅዳሜው፣ ባይሆን ይሻል ይመስለኛል። ሚጢጢ ጫጫታ አትወድም፤ ታውቃታለህ። ግን አንተ ከእኔ ይልቅ ቅርብ ነህ፤ እንደመሰለህ አድርግ።

ያልከኝን ቁልፎች አግኝቻለሁ፤ እዚሁ ውስጥ አሽጌያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ የዳክዬ ቅርጽ አላቸው።

የእህትህ ልጅ

ታኅሣሥ 15

ለእህቴ ልጅ፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና አይደለሁም።

ቁልፎችሽ ሐሙስ ደረሱኝ። ዳክዬዎቹን ሳይ «እሷም ካለችበት ሆና እጇን ሰደደች» አልኩ። «ባይሆን ይሻል ይመስለኛል» ያልሽውን እንደ ጨዋነት ቆጠርኩት። ሰው እንዳይሆን የሚፈልገውን ነገር ቁልፍ ልኮ አያግዝም ብዬ ነው።

ቅዳሜ ሚጢጢ መጣች። ገመዱ ተወጥሯል፣ ልብሶቹ ተሰቅለዋል፣ ሴቶቹ ከጨርቅ ጥቅሉ ኋላ ተደብቀው ይንሾካሾካሉ። ገብታ ቆመች። ሴቶቹ «እንኳን ደስ አለሽ!» ብለው ከተደበቁበት ወጡ። እሷ የዳክዬ ቁልፍ የተከልኩባትን አንዷን ሹራብ በጣቷ ያዘች፤ ልክ የተማሪ ደብተር እንደምታርም አየቻት።

«እነዚህ ዳክዬዎች ከየት መጡ?» አለችኝ።

«ከእህትሽ ናቸው» አልኩ፤ ደስ ይላታል ብዬ።

«ከማን?»

«ከእህትሽ ነዋ! አውቃ ዝም ብላኝ ኖሯል።»

«ከእህቴ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ የምታነብ ይመስል፣ «ጋሼ፣ ልጁ እኮ ሐምሌ ላይ ጨንግፎብኛል። አራት ወር ከያዝኩት በኋላ። እሷ ታውቃለች» አለችኝ።

ቁልፍ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። አንዲት መምህርት ከንፈሯን ልትመጥ ስትል ሚጢጢ አየቻትና ተወችው። ከዚያ ልብሶቹን ራሷ ታወርዳቸው ጀመር። እያንዳንዱን አጠፈች፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። ማንም አላገዛትም፤ ማን ደፍሮ? እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። ስትጨርስ «ለሚያስፈልገው ስጡት» አለችና ወጣች።

በሜትር ለክቼ ምርመራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አስተማሪዎች ፊት ያዋረድኳት እኔ ነኝ። ልጇን ያጣችውን ልጅ ሴቶች ሰብስቤ እንኳን ደስ አለሽ ያስባልኩ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አላካፍልም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ ማን እንደማይስቅ ማየት አልቻልኩም።

አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ባላውቅ ነው። አንቺ እያወቅሽ እንዴት ቁልፍ ትልኪልኛለሽ?

አጎትሽ

ጥር 3

ጋሼ፤

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ለጤናህ ግን እጸልያለሁ።

ሐምሌ ላይ ደውላ ነገረችኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ፤ ከንፈር የሚመጥልኝ ሰው አልፈልግም፣ በተለይ ለጋሼ፤ ሸሚዝ ሊሰፋልኝ እየጠበቀ ነው» አለችኝ። ቃል ገባሁ። ቃሌን የጠበቅኩ ይመስለኝ ነበር። አንተ እውነቱን እንዳትጠይቀኝ ስል ስለ ስብ ጻፍኩልህ፤ ጽሑፌን ይዘህ ወደ ገመዱ ሄድክ። ሁለተኛውን ደብዳቤህን ባነበብኩ ዕለት «ተው» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ብዕር አንስቼ «ተው» ብዬ ጻፍኩና «ለምን?» ትለኛለህ ብዬ ቀደድኩት። ቁልፎቹን የላክሁት እምቢ ለማለት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለእሷ ደውዬ ባስጠነቅቃትስ? እሱንም አላደረግኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያን ዕለት በስልክ «ሱሪዬ አልገባ አለኝ» አለችኝ። «ልጁ የለም፣ ሰውነቴ ግን ገና እያዘጋጀለት ነው። ጡቴ ያመኛል፣ ወገቤ ይሰፋል። አንቺ የምትመረምሪው ይህንኑ አይደል? ለስቡ ማን ይንገረው?» አለችኝ። እኔ፣ እህቷ፣ ምን ብዬ መለስኩላት መሰለህ? «በዚህ ላይ በቂ መረጃ የለንም» አልኳት። «እሺ» ብላ ዘጋች።

መረጃ ያልነበረን ለምን እንደሆነ ደግሞ ስማ። ስብ ከሰጡን ሴቶች መካከል አርግዘው ልጁ የጨነገፈባቸው ነበሩ። ከወለዱት ጋር እንዳንቆጥራቸው አልወለዱም። አርግዘው ከማያውቁት ጋር እንዳንቆጥራቸው አርግዘዋል። አለቃዬ «ምን እናድርጋቸው?» ብሎ ሲጠይቅ «እናውጣቸው፣ ንጽጽሩን ያበላሹብናል» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ በደወለች በዚያው ሳምንት። በሙያው ወግ ይህ ጥፋት አይደለም፤ ማንም አልወቀሰኝም፣ እንዲያውም ሥራው ጠራ ተባልኩ። ግን ከዚያ በኋላ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች ብዬ እፈራለሁ። እነሱን ሳወጣ እሷንም እንዳወጣኋት አየሁትና ድምፅዋን መስማት አልቻልኩም።

ይህን ደብዳቤ ብታሳያት አልከለክልህም። እኔ ራሴ ልጽፍላት ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

የእህትህ ልጅ

ጥር 29

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለሽ? ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልሽ፤ የእኔንም አብሮ ካስታወሰው ደስ ይለኛል።

ሚጢጢ ቤት ሄድኩ። ባዶ እጄን ነው የሄድኩት፤ ዕድሜ ልኬን ባዶ እጄን የሰው ደጅ ረግጬ ስለማላውቅ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ አየኝና ወደ ጓዳ ገባ። እሷ የፈተና ወረቀት ታርማለች። ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር አፌ ላይ ጠፋ።

«ሚጢጢ፣ እኔ አላወቅኩም» አልኩ።

«ብታውቅ ኖሮስ?»

«ዝም እል ነበር።»

«እንደ አሁኑ?» አለች እርማቷን ሳታቆም። «ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ ሲያየኝ ድምፁን ይቀንሳል። ተማሪዎቼ እንኳ አይረብሹኝም። አንተ ደግሞ መጥተህ ቤቴ ውስጥ እንደ ዕቃ ትቀመጣለህ። ጋሼ፣ የአንተ ዝምታ ከቀልድህ ይከፋል እኮ።»

«ብቀልድ ደግሞ ታባርሪኛለሽ።»

«አባርርሃለሁ። ታዲያ ተባረርና ተመለስ። ማን ከለከለህ?»

ይህን ስትል እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ደብዳቤሽን ሰጠኋት። ደብቄ ልይዘው ነበር፤ ግን በዚህ ቤተሰብ አንዱ ለሌላው ብሎ የደበቀው ነገር ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አነበበችው። መጨረሻው ላይ ደርሳ ወደ ላይ ተመለሰችና እንደገና አነበበች። ፊቷ ላይ ምን እንደነበር ልነግርሽ አልችልም፤ ፊት ማንበብ እንደማላውቅ አስመስክሬያለሁ።

«ሴቶቹ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እንዳወጣቻቸው።»

«እንጃ። የሚነግራቸው ያለ አይመስለኝም።»

«ስባቸውንስ ጣለችው?»

«እሱንም አልጻፈችም።»

ጓዳ ውስጥ ሾፌሩ ብርጭቆ ሲያጥብ ይሰማል። እኔም ዝምታው ሲከብደኝ ያ አመሌ መጣብኝና «አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ያንቺ ስብ እንደሆነ እዚሁ ከአንቺ ጋር ነው» አልኳት። ከአፌ ሳይወጣ ልይዘው ነበር፤ አመለጠኝ። ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ታባርረኛለች ብዬ ኮቴን ያዝኩ።

ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፤ መጨረሻዋ ሳቅ አልነበረም። ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ «ከፈለገች እሰጣታለሁ፤ ትርፍ አለኝ» አለች። ቀጥላም «ጻፍላት» አለችኝ። «አልጽፍም፣ ራስሽ ጻፊላት» ብላት «እኔ ገና አልችልም፤ አንተ ጻፍ» አለች። ይቅር ብላሻለች ብዬ አልዋሽሽም፤ እኔንም ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ነገ ና ካለችኝ እሄዳለሁ፣ ተባረር ካለችኝም እንደዚያው።

እኔ ሳይንሱን የማውቀው እስከ ግማሹ ነው፤ እንዲህ ማድረግ ይቻል አይቻል አንቺ ታውቂያለሽ። ነገር ግን ቃሏን ሳልቆርጥ፣ ሳላሳጥር፣ እንዳለችው እጽፍልሻለሁ።

«እንዲህ በላት» አለችኝ። «የትኛውም ወገን ካልሆንኩ የት እንደምታስገባኝ ግራ ከገባት፣ እኔ ግራ አልገባኝም። ከወለዱት ጋር ታስገባኝ።»

አጎትሽ